ዘጠና ቀን

ጥር ነው፤ ኤድመንተን። ሠላሳ ሁለት ከዜሮ በታች፤
መኪናችን ደጅ ላይ፣ ሽቦዋ ከግድግዳ፣ እንደ ላም ታስራ ተኝታለች።
ጠረጴዛው ላይ ካርታ፣ ካርታው ላይ የስንዱ መነጽር፤
ከመነጽሩ ሥር ጣልያን አብጦ የሚረግጥ ይመስላል ባሕር።

ሃያ ዘጠኝ ዓመት የከተማ አውቶቡስ ነድቼ፣
ከመቶ አሥራ ስምንተኛው ጎዳና እስከ ወንዙ ማዶ ሰው አመላልሼ፣ አድርሼ፣ ትቼ፣
ባለፈው መስከረም ቁልፉን አስረክቤ ስወጣ፣ "እንግዲህ ምረጥ" አሉኝ።
መምረጥን ግን መቼ አስተማሩኝ?
መስመሩን ሌላ ሰው ሲያሰምረው፣ ሰዓቱን ሌላ ሰው ሲቆርጠው፣
እኔ መሪውን ነበር የማውቀው፣
እሱንም ወደ ተባልኩት የማዞረው።

ናርዶስ ልጃችን ከካልጋሪ ሰንጠረዥ ሠርታ ላከችልን ባለፈው ሰንበት፤
የኪራይ ዋጋ፣ የዝናብ ቀን፣ የሆስፒታል ርቀት፣
ከተማ ሁሉ ተሰልፎ ቆሟል፣ እንደ ተማሪ ሊሰማ ውጤት።
ተሰሎንቄ ሰባ አንድ፣ ቫለንሲያ ሰማንያ ሁለት፤
ሊስበን ስድሳ ዘጠኝ ብቻ፤ ዳገቷ አስቀነሳት።

ደግሞም ሕጉ አለ፦ ዘጠና ቀን፤ ከዚያ ማለፍ ክልክል።
እንግዳ በአንደኛው ቀን ወርቅ፣ በሁለተኛው ብር፣ በሦስተኛው መዳብ ይባላል፤
በሰማንያ ዘጠነኛው ቀን ምን እንሆን ይሆን? ቆርቆሮ? ወይስ አመድ ያህል?

የኔ ምርጫ ቫለንሲያ ነበረች፤ ሜዳ ናት፣ እንደ መዳፍ የተዘረጋች፤
ደረጃ የሌለው ምድር ቤት አገኘሁ፣ ገበያዋም ቅርብ ነች።
ስንዱ ግን በየማታው ጣቷን ወደ ምዕራብ እያስጠጋች፣
መሬቱ እስኪያልቅ ሄዳ፣ "ሊስበን" ብላ ዝም አለች።
"ጉልበትሽስ?" አልኳት፣ "ሐኪም ሁለት ጊዜ የከፈተው?"
"ጉልበቴ የኔ ነው" አለች፤ "አንተ ምን አስጨነቀህ፣ ተወው።"

ሦስት ቀን ተኮራረፍን። የምስር ወጥ ጠብታ ካርታው ላይ ወደቀ፤
ማንም አልጠረገውም፤ ማድሪድ ከነዙሪያዋ ደረቀ።

ኦሌክሳ፣ ዩክሬናዊው ጎረቤቴ፣ በረዶ ስንዝቅ በአካፋ፣
"ለምን ትሄዳላችሁ?" አለኝ፣ ጢሙ በትንፋሹ ነጥቶ፣ "እዚህ ምን ከፋ?"
ምንም አልከፋ፣ ኦሌክሳ። አልሸሸሁም፤ የምመለስበት ቁልፍ ኪሴ ውስጥ ነው።
አንድ ጊዜ ብቻ፣ ማንም ሳይልከኝ፣ ማንም ደወል ሳይደውልብኝ፣
አንድ ቦታ መድረስ ነው የምመኘው።

በአራተኛው ማታ፣ መብራት ካጠፋን በኋላ፣ በጨለማ፣
ወደ ግድግዳው እንደዞረች ድምፅዋ ተሰማ፦
"እዚያ ትራም አለ። ቢጫ። ዳገቱን የሚወጣ እያቃሰተ።
የኔን ጉልበት እሱ ይሸከመዋል። ዕድሜህን ሙሉ ሰው ስታደርስ ኖርክ፤
መስኮት ዳር ቁጭ ብለህ አይቼህ አላውቅም፤
እስቲ ልይህ፣ አንተ።"

እኔ ለእሷ ሜዳ ስፈልግ፣ እሷ ለኔ ዳገት፤
ለራሱ የመረጠ አልነበረም በዚያ ቤት።

ጠዋት ትኬት ቆረጥን፣ ከፋሲካ ሳምንት በኋላ። ናርዶስ "ስድሳ ዘጠኝ!" ብላ ጮኸች፤
ስንዱ፣ "አንቺም በሂሳብ እንደዚያ ነበርሽ፤ መቼ ጣልንሽ?" ብላ ስልኩን ዘጋች።

ሌሊቱን ግን እንቅልፍ የለም። ያላየሁት ትራም፣ ያላየሁት ቁልቁለት፤
ነጂውን ከኋላው አየዋለሁ፤ እጀታውን የያዘው ዘና ብሎ፣ በሁለት ጣት።
ከፊታችን ጥምዝ መንገድ፣ ግራና ቀኝ ሊያሻሸን የደረሰ ግድግዳ፤
"ቀስ!" ልለው አፌን ከፍቼ ተውኩት።
ብርድ ልብሱ ሥር ግን ቀኝ እግሬ ፍሬን ረገጠ።
ስንዱ በተረከዟ ነካ አደረገችኝ፣
በእንቅልፍ ልቧ፦
"ተወው፣ እሱ ይንዳ።"